ሰፊው መስክ ወይስ የተለየው? የምህንድስና ዲፓርትመንት ከመሙላታችሁ በፊት የሚሠራ ሥራ

የእህቴ ልጅ ከግቢ የደወለችልኝ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። «አጎቴ፣ ቅጹ ነገ ረፋድ ላይ ይዘጋል። ቴክስታይል ልሙላ ወይስ መካኒካል?» አለችኝ። በሁለቱ ዲፓርትመንቶች ምን ምን ኮርስ እንደሚሰጥ ስጠይቃት አታውቅም። ምደባው በምን መስፈርት እንደሚካሄድ ስጠይቃት «ልጆቹ በውጤት ነው ይላሉ» ብላ መለሰችልኝ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ከሐይቅ ተነስታ በራሷ ጥረት ዩኒቨርሲቲ የገባች። ሆኖም የአምስት ዓመት ትምህርቷንና የኋላ እንጀራዋን የሚወስነውን ቅጽ በአንድ ሌሊት ወሬ ልትሞላው ተቃርባ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከደሴም፣ ከኩታበርም፣ ከመርሳም የመጡ ልጆች ያንኑ ጥያቄ በዚያው ጥድፊያ ሲጠይቁኝ አይቻለሁ። የሚሳሳቱት ሰነፍ ሆነው አይደለም። ሥራው መቼ እንደሚጀመርና በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ የነገራቸው ስለሌለ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ቅጹ ከመከፈቱ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሩት።

ደረጃ 1፦ የምትመርጡት ምን እንደሆነ ለዩ

በአንዳንድ አገሮች በደፈናው «ምህንድስና» የሚባል ዲግሪ አለ። ለምሳሌ በእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሁሉንም ዘርፍ አንድ ላይ ተምረው ነው ወደ አንዱ የሚያዘነብሉት። እኛ አገር የምርጫ ቅጽ ላይ ግን እንዲህ ያለ ስም አታገኙም። እኛ ዘንድ «ሰፊ» የሚባሉት ሲቪል፣ መካኒካል፣ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር፣ ኬሚካልና ኢንዱስትሪያል ናቸው። «የተለዩ» የሚባሉት ለአንድ ኢንዱስትሪ ወይም ለአንድ ዓይነት ሥራ ተለክተው የተቆረጡት ናቸው፦ ቴክስታይል (ጨርቃ ጨርቅ)፣ ጋርመንት (የልብስ ስፌት)፣ የቆዳ ምህንድስና፣ ባዮሜዲካል፣ ማዕድን፣ የውሃ ሀብት፣ የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት እና የመሳሰሉት።

ምርጫው አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግም አይደለም። መጀመሪያ ከ12ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ዩኒቨርሲቲ ትመርጣላችሁ። ቀጥሎ በመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ወደ ምህንድስና ትገባላችሁ፤ ከዚያ ዲፓርትመንት ትሞላላችሁ። በአንዳንድ ዲፓርትመንቶች፣ በተለይ በኤሌክትሪካል፣ ከፍ ስትሉ እንደገና ፓወር፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮንትሮል ወይም ኮምፒውተር ብላችሁ ትለያላችሁ። በመጨረሻም ሁለተኛ ዲግሪ አለ። በሲቪል የተመረቀ ሰው በሁለተኛ ዲግሪ ወደ መንገድ፣ ወደ ስትራክቸር ወይም ወደ ውሃ መጥበብ ይችላል። ከጠባቡ ተነስቶ ወደ ሰፊው ለመመለስ የሚሞክር ግን ብዙ ጊዜ ያልወሰዳቸውን የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርሶች እንዲያሟላ ይጠየቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ልባችሁ በተለየ መስክ ላይ ካረፈ ውሳኔው የሚጀምረው በዩኒቨርሲቲ ምርጫው ነው። ሲቪልና ኤሌክትሪካል በብዙ ግቢዎች ይገኛሉ። ቴክስታይል ግን በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትንና ባሕር ዳርን የመሰሉ ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው የሚሰጠው። ምደባው ሌላ ክልል ካደረሳችሁ በኋላ «ቴክስታይል ነበር የምፈልገው» ማለት አይጠቅምም።

ደረጃ 2፦ የሚያስፈልጓችሁን ወረቀቶች ሰብስቡ

አንድ ደብተር ግዙና ለዚህ ብቻ መድቡት። የሚከተሉትን አራት ነገሮች ሳትይዙ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ።

1. በግቢያችሁ ያሉ የምህንድስና ዲፓርትመንቶች ዝርዝር። በሌላ ግቢ ያለውን ሳይሆን ዘንድሮ እናንተ ግቢ ተማሪ የሚቀበሉትን ጻፉ።
2. የእያንዳንዱ ዲፓርትመንት ሙሉ የኮርስ ዝርዝር፣ ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ዓመት።
3. የምደባ መስፈርቱ በጽሑፍ። የመጀመሪያ ዓመት አማካይ ውጤትና የመግቢያ ፈተና ውጤት ስንት ስንት እጅ እንደሚይዙ፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች የሚደረገው ድጋፍ ምን ያህል እንደሆነ ከሬጅስትራር ወይም ከዲኑ ቢሮ ጠይቁ። ከግቢ ግቢ ስለሚለያይ ጓደኛችሁ ከወልድያ የነገራችሁ ኮምቦልቻ ላይ ላይሠራ ይችላል።
4. የራሳችሁ ውጤት፣ እስከ አስርዮሹ።

የኮርስ ዝርዝሩን ለማግኘት በመጀመሪያ ወደ ዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ሂዱ። «የለም» ካሏችሁ የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ የውጤት ወረቀቱን ለምኑት፤ የወሰዳቸው ኮርሶች በሙሉ እዚያ ላይ አሉ። ሥርዓተ ትምህርቱ ከእሱ በኋላ ተሻሽሎ እንደሆነ መጠየቅ ግን አትርሱ።

ደረጃ 3፦ ስሙን ትታችሁ የኮርስ ዝርዝሩን አንብቡ

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚገባው ይህኛው ነው። ተማሪው የሚመርጠው ስሙን ሲሆን ለአራት ዓመታት የሚቀመጥበት ግን የኮርሱ ዝርዝር ነው።

ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ያዙ። ከየዝርዝሩ የትም ቦታ የሚያገለግለውን መሠረታዊ ኮርስ በሰማያዊ አስምሩበት፦ ስታቲክስ፣ ዳይናሚክስ፣ የቁሳቁስ ጥንካሬ፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ፍሉይድ ሜካኒክስ፣ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት፣ የማሽን ዲዛይን፣ ፕሮግራሚንግ። ለዚያ ኢንዱስትሪ ብቻ የሚያገለግለውን፣ ለምሳሌ የፈትል አሠራርን፣ የጨርቅ ማቅለምንና የቆዳ ማልፋትን፣ በቀይ አስምሩ። ከዚያ ቁጠሩ።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ካሉት ኮርሶች ቀዩ ከግማሽ በላይ ከሆነ መስኩ በእርግጥ ጠባብ ነው፤ የሚገባበትም ያንን ሥራ ያየና የወደደ ሰው ብቻ ነው። ሰማያዊውና ቀዩ ከተቀራረቡ ስሙ ቢጠብም ውስጡ ሰፊ ስለሆነ አትፍሩት።

ተማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱባቸውን ሁለት ንጽጽሮች ላሳያችሁ።

*ሲቪልና ዘመዶቹ።* ሲቪል የሚማር ስትራክቸርን፣ ኮንክሪትን፣ አፈርና መሠረትን፣ መንገድን፣ ቅየሳን፣ ሃይድሮሊክስንና ሃይድሮሎጂን (የውሃ ፍሰትንና የዝናብና የወንዝ ውሃን ጥናት) ከእያንዳንዱ በመጠኑ ይወስዳል። የውሃ ሀብት ተማሪ ሃይድሮሊክሱንና ሃይድሮሎጂውን ጠለቅ አድርጎ ይይዝና ግድብና መስኖ ይጨምርበታል፤ ከስትራክቸርና ከመንገድ ግን ይቀንሳል። የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ተማሪ ወደ ውል፣ ወደ መጠንና ዋጋ ስሌት፣ ወደ ፕሮጀክት ዕቅድ ያደላል። ሦስቱም አንድ የግንባታ ቦታ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። የሕንፃውን ስትራክቸር ሠርቶ ለመፈረም ያሰበ ልጅ ግን ሦስተኛውን ሞልቶ «ያው ግንባታ ነው» ካለ ራሱን አታሏል። የሙያ ፈቃድ ሲጠየቅ የትምህርት መስኩ ስም ይታያልና በዚያ መስክ ስም የትኛው ፈቃድ እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

*መካኒካልና ቴክስታይል።* መካኒካል ማሽኑን ይማራል፤ ቴክስታይል ማሽኑ ውስጥ የሚያልፈውን። ፈትል በተበጠሰ ጊዜ መካኒካሉ መዘውሩንና ቤሪንጉን ሲያይ ቴክስታይሉ የጥጡን ርዝመት፣ የክሩን ቁጥር (ቅጥነቱን)ና የአዳራሹን እርጥበት ያያል። የትኛውን ማየት እንደሚያጓጓችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ሌላ ሰው ሊመልስላችሁ አይችልም።

ደረጃ 4፦ ሃያ የሥራ ማስታወቂያ ገልብጡ

እኔ የተማርሁት ውሃ ሀብት ነው። እንደተመረቅሁ አንድ መሥሪያ ቤት ለአነስተኛ ድልድዮችና ለውሃ ማፋሰሻ ሥራ መሐንዲስ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድሁ። የመዝጋቢው እስክሪብቶ የተፈላጊ ችሎታውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ሲወርድ በመስኮቱ አየሁት። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ወረደ። «ወንድሜ፣ ያንተ ወረቀት ውሃ ይላል። እዚህ ያለው ሲቪል ነው» አለኝና ማስረጃዬን መለሰልኝ። ሥራው የሚፈልገውን ሃይድሮሊክስ ጠንቅቄ አውቀው ነበር፤ መስኮቱ ላይ ግን የሚታየው ስም ብቻ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የያዘው ዝርዝር ከዚያ ሌላ አይፈቅድለትም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ሪፖርተርና አዲስ ዘመን ላይ የሚወጡ፣ በዞንና በከተማ አስተዳደር ሰሌዳዎች ላይ የሚለጠፉ ሃያ የመሐንዲስ ማስታወቂያዎች ፈልጉ። የአንድ ሳምንት ብቻ አይሁኑ፤ የተለያዩ ወራት ይሁኑ።
2. በደብተራችሁ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ የተጠየቀው የትምህርት መስክ (ቃል በቃል)፣ የተጠየቀው የሥራ ልምድ፣ የሥራው ቦታ።
3. «ወይም ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የሚል ሐረግ ያለባቸውን ምልክት አድርጉባቸው። የተለየ መስክ የያዘ ሰው ዕድሉ ያለው እዚያ ነው።
4. የምትፈልጉት መስክ በስሙ የተጠራባቸውን ቁጠሩ፤ ስንት የተለያዩ ቀጣሪዎች እንደሆኑም ለዩ። አምስት ማስታወቂያ ከአንድ ፋብሪካ ብቻ ከወጣ ያላችሁ ቀጣሪ አንድ ነው።

የሲቪልና የኤሌክትሪካል ስም ብዙ ቦታ ስላያችሁ ብቻ አትደሰቱ። የሚመረቀውም በዚያው ልክ ብዙ ነው። የተለየው መስክ ማስታወቂያው ቢያንስም ተወዳዳሪው ያንሳል። መታየት ያለባቸው ሁለቱም ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ከየዲፓርትመንቱ ስንት ተማሪ እንደተመረቀ ጠይቃችሁ ከቁጥሩ ጎን ጻፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ የተለየ መስክ የሚይዝ ሰው ዕጣው ከኢንዱስትሪው ዕጣ ጋር ይታሰራል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ልጆች ጋርመንትና ቴክስታይልን በተስፋ ሞልተዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ከተማዋ በጦርነቱ ውስጥ ወድቃ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። በዚያው ዓመት ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ አስወጣች፤ ወደዚያ ልብስ የሚልኩ የአገራችን ፋብሪካዎችም ተጎዱ። መካኒካል የያዘው ልጅ ሲሚንቶ ወይም ቢራ ፋብሪካ ሄዶ በር ሊያንኳኳ ይችላል። ጋርመንት የያዘችው እህቱ የምታንኳኳቸው በሮች በቁጥር የታወቁ ነበሩ። ይህን የምለው መስኩን ለማጥላላት አይደለም፤ ልብስ የማይለብስ አገር የለም። አደጋውን አውቃችሁ ግቡበት ማለቴ ነው።

ደረጃ 5፦ ወርዳችሁ ሥራውን በዓይናችሁ እዩ

በዚህ በኩል ወሎ ያለ ተማሪ ዕድለኛ ነው። ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ከወረደ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎችን አንድ ከተማ ውስጥ ያገኛል። ብዙ ግቢ ያሉ ተማሪዎች ይህ የላቸውም፤ እኛ ግን አጠገባችን ያለውን ሳናይ ቅጽ እንሞላለን።

ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከግቢያችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ያለ ደብዳቤ ከጥበቃው በር አያሳልፏችሁም፣ ልክም ናቸው። ደብዳቤውን ለሰው ኃይል አስተዳደር አስገቡና ቀን ይሰጧችሁ። የረመዳንን፣ የበዓላትንና የዓመት መዝጊያን ሳምንታት ተዉ። ፋብሪካው ካልፈቀደ ወይዘሮ ስህን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅን የመሰለ ተቋም ወርክሾፕ ሄዳችሁ አሠልጣኞቹን አነጋግሩ፤ ያም ካልሆነ ከፈረቃ የሚወጣ መሐንዲስ ሻይ ጋብዙ።

ፈትል አዳራሽ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ጩኸቱ ነው፤ ጎን ለጎን ቆማችሁ መደማመጥ ያቅታችኋል። ቀጥሎ ሙቀትና እርጥበቱ፦ ክሩ እንዳይበጠስ አየሩ ሆን ተብሎ እርጥብ ይደረጋል። የጥጥ ብናኝ ቅንድባችሁ ላይ ያርፋል። እኔ አብሬያቸው ከሄድኋቸው ሦስት ልጆች አንዱ በአሥር ደቂቃ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አንደኛዋ ግን ከመፍተያ ማሽኑ አልነቀል አለች፤ ሠራተኛዋ የተበጠሰውን ክር በሁለት ጣቷ ስትቀጥል እያየች «እንደገና አሳዪኝ፣ እህቴ» ትላለች። ለእነዚያ ሁለት ልጆች ከዚያ ወዲያ ምክር አላስፈለጋቸውም።

የምታገኙትን መሐንዲስ እነዚህን ጠይቁ፦ ዲግሪዎ ምንድን ነው? አብረውዎት ያሉት መሐንዲሶች በምን የተመረቁ ናቸው? ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠሩ? ከዚህ ቢለቁ የት ይቀጠራሉ? «ደመወዝ ስንት ነው» የሚለውን መጨረሻ ላይ አድርጉት። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ያስደንቃችኋል፤ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ኬሚካሉም፣ መካኒካሉም፣ ኤሌክትሪካሉም አለ።

ደረጃ 6፦ ወስኑ

የተለየውን መስክ አንደኛ አድርጋችሁ ሙሉ፣ ነገር ግን ሦስቱም ከተሟሉ ብቻ፦

1. ሥራውን በዓይናችሁ አይታችሁ ወዳችሁታል።
2. በስም የሚጠሩት ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቀጣሪዎች አግኝታችኋል፤ አንዱ ቢዘጋ ወደ ሌላው ከተማ ለመሄድም ፈቃደኛ ናችሁ።
3. በኮርስ ዝርዝሩ ላይ ሰማያዊው መስመር አልጠፋም።

አንዱ እንኳ ከጎደለ ሰፊውን ሙሉ። ለምን እንደምትፈልጉት ያልለያችሁ ከሆነም ሰፊውን ሙሉ። ሰፊውን ሞልቶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን ሌላው ስህተት ነው፤ በሰፊ መስክ ተመርቆ አንድም ነገር ጠልቆ የማያውቅ ልጅ ማስታወቂያው ላይ ስሙ ቢጠራም ቃለ መጠይቁ ላይ ይወድቃል። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ አንድ አቅጣጫ ያዙ፤ የተግባር ልምምዳችሁንና የመመረቂያ ሥራችሁን በዚያው አቅጣጫ አድርጉ።

ደረጃ 7፦ ቅጹን ሙሉ

1. መጀመሪያ በወረቀት ላይ ሁሉንም ዲፓርትመንቶች ከአንድ እስከ መጨረሻው በቁጥር ደርድሩ።
2. ለሦስተኛውና ለአራተኛው ምርጫ የአንደኛውን ያህል አስቡ። ልጆች አንደኛውን ለአንድ ሳምንት ሲያስቡ ከርመው የቀሩትን በአንድ ደቂቃ ይሞላሉ፤ የሚደርሳቸው ግን ብዙ ጊዜ ከቀሩት አንዱ ነው።
3. ያለፈውን ዓመት የመጨረሻ መቁረጫ ነጥብ ከውጤታችሁ ጋር አስተያዩ። ቢያንስ አንዱ ምርጫችሁ በእርግጠኝነት የምታገኙት ይሁን።
4. ጓደኛ ስለሞላው አትሙሉ። አንድ መኝታ ክፍል አንድ ዓይነት ቅጽ ሲሞላ ብዙ አይቻለሁ።
5. ከመዝጊያው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ አስገቡ። በመጨረሻው ሌሊት ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ መብራትም ይጠፋል።
6. ያስገባችሁትን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ቅሬታ ማቅረብ ቢያስፈልግ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ያልፈለጋችሁት ሲደርሳችሁ

ስህተት ያለበት ምደባ ከሆነ። ነጥባችሁ ከመቁረጫው በላይ ሆኖ ከተዘለላችሁ በዚያው ሳምንት ማመልከቻ በጽሑፍ ለሬጅስትራር አስገቡ፤ የቅጹን ፎቶና የውጤት ወረቀት አያይዙ፤ የተቀበለው ሰው በቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ ያስቀምጥላችሁ። በቃል የተነገረ ቅሬታ እንዳልተነገረ ነው።

ምደባው ትክክል ሆኖ ካልወደዳችሁት። የዲፓርትመንት ለውጥ ወይም የልውውጥ ፈቃድ እንዳለ ጠይቁ፤ ካለ ቀኑ አጭር ነው፤ ትምህርት ከገፋ በኋላ ይዘጋል። ዓመት አቋርጦ እንደገና መጀመር የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ከወላጅ ጋር ሳትመካከሩ አታድርጉት።

ለውጥ ካልተገኘ። በተለየው መስክ ውስጥ ሆናችሁ ራሳችሁን አስፉ። ምርጫ ኮርስ ሲኖር ሰማያዊውን ውሰዱ። ለተግባር ልምምድ የፋብሪካውን ጥገና ክፍል ወይም የኃይል ክፍል ጠይቁ። ኦቶካድን ወይም ሶሊድወርክስን የመሰለ የንድፍ ሶፍትዌር በክረምት ተማሩ። ስትመረቁ የእያንዳንዱን ኮርስ ይዘት የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ አጽፋችሁ ያዙ፤ «ተመሳሳይ መስክ» የሚል ማስታወቂያ ሲገኝ ከማስረጃችሁ ጋር የምታያይዙት እሱን ነው። እኔ ይህን ደብዳቤ ዘግይቼ ነው ያወጣሁት፤ ሁለተኛው የምዝገባ መስኮት ላይ ግን ማስረጃዬ አልተመለሰብኝም።

የመውጫ ፈተናው ካስፈራችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉም ተመራቂ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ሰፊ መስክ የሚጠይቀው ብዙ ዓይነት ነው፤ ጠባቡ ደግሞ ጠልቆ። ፈተናው የሚያካትታቸውን ኮርሶች ዝርዝር ከዲፓርትመንቱ ጠይቃችሁ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ማስታወሻችሁን አትጣሉ።

ቤተሰብ ሌላ ከፈለገ። አባታችሁ «ሲቪል ካልሆነ» ቢሉ አትከራከሩ። ደብተሩን ይዛችሁ ከቡና ሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ «አባዬ፣ እስኪ ይህን ይዩልኝ» በሉና የማስታወቂያዎቹን ዓምድ አሳዩአቸው። ያያችሁትን ፋብሪካም ንገሯቸው። የእኔ እህት መጀመሪያ «ልጄን ፈትል እንድትፈትል አልላክኋትም» ብላ ነበር፤ የኮርስ ዝርዝሩን ካነበብሁላት በኋላ ግን ልጇን «አብሽሪ፣ የወደድሽውን ሙዪ» አለቻት።

ዛሬ ሌሊት ብቻ ከቀራችሁ

ሦስት ሰዓት አላችሁ። በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች ፈልጋችሁ የውጤት ወረቀታቸውን ፎቶ አንሱና ሁለቱን ቀለም አስምሩ። በሁለተኛው በስልካችሁ አሥር ማስታወቂያ ብቻ አንብቡ። በሦስተኛው ሁሉንም ዲፓርትመንቶች በወረቀት ደርድሩና ተኙ፤ ንጋት ላይ ተነስታችሁ እንደገና አንብቡትና ሙሉ።

የእህቴ ልጅ በዚያ ሌሊት ያደረገችው ይህንኑ ነው። አንደኛ መካኒካል፣ ሁለተኛ ኢንዱስትሪያል፣ ሦስተኛ ቴክስታይል ብላ ሞላች። የደረሳት ሁለተኛው ነው፤ የተግባር ልምምዷን ግን ራሷ ጠይቃ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራችው።